ተሽሏታል

ስሜ ኢቅራ ነው። ሸኾቹ «አንብቢ ማለት ነው» ይላሉ። አንባቢዋ ግን ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆማለች፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሲከፈት ደግሞ እኔ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ አፉ በሉኝ። ምላሴ ግን አይገድፍም፤ ይሄን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርልኛል። እናቴ ኡሙሃኒ «የዚችን ልጅ አፍ መዝጊያ የሰረቀ ሌባ ካለ ይመልስልኝ» እያለች ነው የምትውለው።

የምጽፈው ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ራዊያ ሆድ ነው።

ቤታችን ከሮቢት ወደ ቆላው ገባ ብሎ ነው። ማሽላው ሲያሽት ራዊያን ከማሳ ውስጥ ማውጣት አይቻልም። ጥንቅሽ ስታላምጥ ትውላለች፤ አገዳውን በጥርሷ ልጣ፣ ጣፋጩን መጥጣ፣ ምጣጩን ትተፋለች። የት እንዳለች የሚታወቀው በተፋችው ነው። ዕድሜዋ ስምንት ነው፣ ጥርሷ ግን የፍየል ነው። ስለዚህ ሆዷን ሲያማት ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ጥንቅሹ ይቀስራል።

መጀመሪያ ያማት ክረምቱ ሲወጣ ነበር። ጥንቅሽ ገና አልደረሰም። ይሄን ስናገር እማ «አንቺ ደግሞ የጥንቅሽ ጠበቃ ሆንሽ?» አለችኝ። ራዊያ ሆዷን ይዛ ተኛች፣ አስመለሳት፣ በማግስቱ ተነሥታ ሮጠች። ሰንብቶ ደገማት። ደግሞ ሰለሳት። አባቴ ታሂር «ወስፋት ነው» ብሎ የትል ኪኒን ገዝቶ መጣ። ዋጠች። ሌላ ጊዜም አመጣ፣ እሱንም ዋጠች። ትሉ ግን መውጣት አልፈለገም። እማ ፌጦ በሎሚ አጠጣቻት። በዘይት አሸቻት። ሕመሙ እንደ እንግዳ እየመጣ፣ ሲሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል፤ እነሱም በሄደ ቁጥር የመጨረሻው መድኃኒት ነው ያዳናት ይላሉ።

እኔ ግን አንድ የማውቀው ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት አክስቴ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ስትተኛ አስታማሚዋ ሆኜ ከረምኩ። አስታማሚ ማለት የራሱ በሽታ የሌለው፣ የሰው በሽታ ሲያዳምጥ የሚውል ፍጡር ነው። ከአክስቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ከጎብዬ ከተማ የመጣ፣ ሆዱ የተቀደደ ልጅ ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ ተማሪዎቹን ሰብስቦ በእሱ ላይ ሲያስተምር፣ እኔ የአክስቴን ብርድ ልብስ እያስተካከልኩ ጆሮዬን ጣልኩ። እንደዚያን ቀን የተስተካከለ ብርድ ልብስ በዓለም የለም።

«ትርፍ አንጀት ነው» አለ ሐኪሙ። ሕመሙ እምብርት ዙሪያ ይጀምርና ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ይወርዳል አለ። ምግብ ያስጠላል። ሲጫኑት ያማል፣ ቶሎ ሲለቁት ደግሞ ይብሳል። ልጅ ከሆነ በአንድ እግሩ ዝለል በሉት፣ አይዘልም፤ ሕፃን ልጅ ላይ መጥቶ የሚሄድን የሆድ ሕመም ደግሞ አትናቁ አለ። ይሄኔ የልጁ እናት ጣልቃ ገብታ «ኧረ ዶክተር፣ ከመምጣታችን በፊት እኮ ተሽሎት ነበር» አለች። ሐኪሙ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ‹ተሽሎት ነበር።› ሲፈነዳ ሕመሙ ላፍታ ጋብ ይላል። ይቺን ቃል ስትሰሙ ሩጡ።» እነሱ ጻፉት። እኔ እስክሪብቶ ስላልነበረኝ በቃሌ ያዝኩት።

አሁን ወደ ሐሙሱ ልምጣ። ሐሙስ በእኛ ቤት ወዳጃ ነበር። ወዳጃ ስንል ወንዶቹ ተሰብስበው፣ ሸኽ እንድሪስ ከፊት ሆነው፣ ለታመመ ለተቸገረው ሁሉ ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። የዚያን ጊዜው ተረኛ አባቴ ነበር። ራዊያ ጠዋት ሆዴን ብላ ተነሣች። ቁርስ እምቢ አለች። ወፍራም ጥንቅሽ ቆርጬ አመጣሁላት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያኔ ደነገጥኩ። ራዊያ ጥንቅሽ እምቢ ካለች ሌላ ምን ምልክት እጠብቃለሁ?

ግቢው ላይ በአመድ ሰኞ ማክሰኞ አሰመርኩ።

«ነይ እንጫወት» አልኳት።

«አሞኛል።»

«አይ፣ ፈርተሽ ነው። ዛሬ እንደምቀጣሽ አውቀሻል።»

በሌላ ቀን ይሄን ብላት ሁሉንም ቤት በአንድ ትንፋሽ ዘልላ ነው የምታሳፍረኝ። በዚህ ጨዋታ ሰፈሩ ውስጥ የሚያሸንፋት የለም። ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ፣ እንደ አሮጊት። ግራ እግሯን አንሥታ በቀኟ ሰኞ ላይ ዘለለች። ማክሰኞ ላይ አልደረሰችም። በጉልበቷ ወደቀች፣ እጇ በቀኝ በኩል ከወገቧ በታች፣ አፏ ተከፍቶ ድምፅ የለም። አጋደምኳትና እዚያው ቦታ ላይ ቀስ ብዬ ተጫንኩ። ቶሎ ለቀቅኩ።

«አንቺ ውሻ! አንቺ ከይሲ!» ጮኸች።

ወላሂ እህቴ እንደዚያ ሰድባኝ አታውቅም።

እማ ለወዳጃው ምንጣፍ እያራገፈች ነበር። «እማ፣ ትርፍ አንጀት ነው። ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ትርፍ? በዚህ ቤት?» ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሽንኩርት ስሸጥ ትርፍ አይቼ አላውቅም። እዚያች ልጅ ሆድ ውስጥ ነው እንዴ ተደብቆ የኖረው?»

«እማ፣ አልቀለድኩም።»

«አንቺ ሳትቀልጂ የዋልሽበትን ቀን ንገሪኝ።»

ይሄ ነው ችግሬ። እውነት ስናገርም ድምፄ ያው የቀልድ ድምፅ ነው።

«ደግሞስ» አለች ምንጣፉን እየጎተተች፣ «ትርፍ ከሆነ ምኑ ያስፈራል? ሰው የሚታመመው ከጎደለው ነው እንጂ! ሂጂ፣ ውሃ ቅጂ።»

አባ ጋ ሄድኩ። አባ ሰምቶ ሲያበቃ «ሸኽዬ ይመጡ የለ? ዱዓ ይደረግላታል። ካልተሻላት ነገ እወስዳታለሁ» አለኝ። ጭንቅላቴንም ዳበስ አደረገኝ። ሲዳብሰኝ እሺ እላለሁ፤ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።

እንግዶቹ ሞሉ። ጫቱ ተዘረጋ። ራዊያን በጋቢ ጠቅልለው ሸኽ እንድሪስ ፊት አስተኟት። ሸኽዬ በጣም ሸምግለዋል፤ እኔን ሲጠሩ «ኢንተላ» ነው የሚሉኝ፣ በድሮ ሰዎች አፍ ልጅት ማለት ነው። እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ሕመሟን አንሣላት!»

«አሚን!»

«አፊያ አድርጋት!»

«አሚን!»

ራዊያ ከመጋረጃው ወዲህ ለቆምነው ሁሉ እስኪሰማ ታቃስታለች። አሚኑ እየጨመረ ሄደ፣ ማቃሰቷም አብሮ ጨመረ፤ ከዚያ አንዱ አሚን መሀል ላይ ድምጿ ቀጥ አለ። ዓይኗን ገለጠች።

«ተወኝ» አለች።

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?» አሉ ሸኽዬ።

«አያመኝም። ተወኝ።»

ቤቱ ተነቃነቀ። «አልሐምዱሊላህ!» «አላሁ አክበር!» እማ እልልታዋን ለቀቀችው። ከበር ላይ አንዱ «ዱዓው ደረሰ!» ብሎ ጮኸ፤ ውጭ ያሉት ተቀበሉት። አባቴ እያለቀሰ ወጣና ለዐረፋ ያቆያትን ፍየል ለሰደቃ ጣላት። እዚያ ቤት ውስጥ «ተወኝ» የሚለው ቃል ያስደነገጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

ጓዳ ሲመልሷት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ተኝታለች። ትንፋሿ አጭር አጭር ነው። ግንባሯ ይፋጃል። ሆዷን ነካሁት፤ እንደ ጣውላ ደርቋል።

«እማ፣ ንኪያት እስቲ።»

«ላብ ነው። በሽታ ሲወጣ በላብ ነው የሚወጣው። ተያት ትተኛ፣ ተሽሏታል።»

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አባ ፍየሏን ሰቅሎ ቆዳዋን ይገፍፋል።

«አባ፣ አልተሻላትም።»

«ኢቅራ፣ ዛሬን እንኳ ማሪኝ።»

«ፈንድቶ ነው። ሲፈነዳ ጋብ ይላል። ሐኪሙ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የቱ ሐኪም?»

«የጎብዬውን ልጅ ያከመው።»

ቢላዋውን አወረደ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ስሚኝ። ሸኽዬ ዱዓቸው ደርሷል። ሰው ሁሉ አሚን ብሏል። ይሄው ሥጋው ድስት ሊገባ ነው። አሁን እኔ ልጅቷን በፊታቸው ተሸክሜ ሐኪም ቤት ልሩጥ? ዱዓዎን አላመንኩትም ልበላቸው፣ በዚያ ሽበት ላይ? ሰውስ ምን ይለኛል?»

«አባ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ እኮ መንገዱ ይዘጋል።»

«ነገም መንገድ አለ።»

መንገዱን ላስረዳችሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ አስፋልቱ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ እስከ ጠዋት ማንም አያልፍም። ማን እንደሚወጥረው አትጠይቁኝ። እኛም አንጠይቅም።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ራዊያ ሕፃን ሆና ኩፍኝ ሲይዛት በጀርባው አዝሏት ቆቦ ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ነው። የዚያን ቀን የያዘው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ገመድ የለውም፣ ጠባቂ የለውም፣ ሰውን ግን እቤቱ ጓሮ ውስጥ ያስቆመዋል።

መረቁ ሲደርስ እማ ለራዊያ በጣሳ ይዛ መጣች። ሁለቴ ፉት አለች፣ ከዚያ አረንጓዴ ነገር አስመለሳት። «ቅባቱ ከብዷት ነው» አለች እማ፣ ድምጿ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም። እኔ ሰደብኳት፤ ራዊያን ማለቴ ነው። «አንቺ ዝተት፣ አንቺ የጥንቅሽ ሌባ» አልኳት። እኔ ስሰድባት ዝም ብላ አታውቅም። አሁን ፊቷን እንኳ ወደ እኔ አላዞረችም። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው፣ የሚያየው ነገር ግን የለም።

ወንዶቹ ያሉበት ገባሁ። ሥጋ ላይ ነበሩ። ሴት ልጅ፣ ያውም እኔ፣ ሳልጠራ እዚያ መሀል መቆሜ ብቻውን ወሬ ነው።

«ኢቅራ፣ ውጪ!» አባ ተነሣ።

«ሸኽዬ፣ አፉ በሉኝ። እህቴ አልተሻላትም። እየሞተች ነው።»

ያኝክ የነበረው ሁሉ ማኘኩን ተወ። አንዱ «አስተግፊሩላህ! ዱዓ ታረክሺያለሽ?» አለኝ። አባ ክንዴን ያዘ። «አፉ በሏት ሸኽዬ፣ ይቺ ልጅ ምላሷ—»

«ቆይ ታሂር። ኢንተላ፣ ምን አልሽ?»

እምብርቱን፣ ቀኙን፣ ሰኞ ማክሰኞውን፣ ጣውላውን፣ የጎብዬውን ልጅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሸኽዬ እጃቸውን ታጥበው ተነሡና ጓዳ ገቡ። ሆዷን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ይሄ የደረቀው መቼ ነው?»

«ከዱዓው ጀምሮ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

አባ መሬት መሬት አየ። «ሸኽዬ፣ ዱዓዎ ደርሶ ሳለ፣ እንዴት ብዬ…»

«ታሂር! ዱዓ አድርጉልኝ አልኸኝ፣ አደረግሁ። ሐኪም ቤት አትውሰዳት ብዬሃለሁ?»

«አላሉኝም።»

ሸኽዬ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የኪኒን እሽግ አወጡና አፍንጫው ሥር አራገቡለት። «ይሄ ምንድን ነው? ከረሜላ ነው? የግፊቴ መድኃኒት ነው! እኔ የምውጠውን ልጅህን የምከለክል ሰው መሰልኩህ?» አባቴ አለቀሰ፤ ፍየሏን ሲጥል እንዳለቀሰው አይደለም።

ባጃጅ ያለው ሰመረ ነው። ሰመረ የዋጃ ልጅ ነው፣ ሮቢት ላይ ነው የሚሠራው፤ በየገበያው የምንበሻሸቅ ሰው ነን። ደወልኩለት።

«እንኳን ደወልሽ፣ ልታገቢኝ ነው?» አለ።

«ሰመረ፣ ራዊያ እየሞተችብኝ ነው።»

ሌላ ቃል አልጠየቀም። እስኪደርስ ግን ጥላው ረዝሞ ነበር። አባ ራዊያን ታቅፎ፣ እማና እኔ ከጎኑ ተጨንቀን፣ ሸኽዬ ከሰመረ ጋር ከፊት ተጣበው ወጣን። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ራዊያ ታቃስታለች። ሕመሙ ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ቀኝ የለ ግራ የለ፣ ሆዷ በሙሉ ነው።

ሮቢት ስንደርስ ገመዱ ተወጥሯል።

ሰመረ ወርዶ ለመነ። በአማርኛ ለመነ፣ በትግርኛ ማለ። አባ ራዊያን ገልጦ አሳየ። ጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው፣ እኔን ቢበልጡ በጥቂት ነው። አንዱ አያትና ፊቱን አዞረ። «ወላሂ እኔ ባሳልፋችሁ እላይ ያሉት ይተኩሱባችኋል» አለ። «ማለዳ ተነሡ።» ሸኽዬ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሰላት እዚያው ደረሰባቸው። ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም አላሳለፋቸውም።

ሌሊቱን አልጽፈውም።

ገመዱ ሲወርድ የመጀመሪያዋ ባጃጅ የእኛ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ያገኘነውን መኪና ይዘን ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ሆዷን ገና ሲያየው፣ ሳይነካው፣ «መቼ ጀመራት?» አለ።

«ትናንት ጠዋት» አለች እማ። «ግን ቀትር ላይ ተሽሏት ነበር።»

ዓይኑን ጨፈነ። ዙሪያው «ሩጡ» የሚላቸው ተማሪዎች አልነበሩም። ብቻውን ነበር።

«ከዚህ በፊትስ?» አለ። እማና አባ ተያዩ። እኔ ነገርኩት፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከዚያ በኋላ፣ ከዚያም በኋላ። እያንዳንዷን ስናገር ራሱን ይነቀንቃል። «በነዚያ ቀናት ብትመጡ» አለና ተወው። ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ሲወጣ አባቴን ለብቻው ጠርቶ «መግሉ ሆዷን በሙሉ ሞልቶታል፤ አጥበናል፤ እናያለን» አለው። እኔ ከኋላ ሆኜ ሰማሁ። «እናያለን» የሚል ሐኪም ምን እያየ እንደሆነ አስታማሚ ያውቃል።

በአፍንጫዋ ቱቦ፣ በክንዷ ጉሉኮስ አድርገው አስተኟት። ነርሷ ጠብታ ውሃ በአፏ እንዳይገባ ብላ አስጠነቀቀችን። ራዊያ ስትነቃ የቀራት ቃል አንድ ነበር። «ውሃ።»

እማ አላስቻላትም። ጠርሙሱን በነጠላዋ ሥር ስትደብቅ ያዝኳት፤ ነጠቅኳት። «ጨካኝ!» አለችኝ። ፋሻ አርጥቤ የራዊያን ከንፈር እጠርግላት ነበር። ፋሻውን ልትመጠው ትሞክራለች።

«ኢቅራ፣ ክፉ ነሽ» አለችኝ አንዴ፣ ድምጿ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«ክፉ ነኝ። ስትድኚ ትደበድቢኛለሽ።»

ትኩሳቱ አልወረደም። ሆዷ መልሶ ተነፋ። እጆቿ ቀዘቀዙ። አንዱን መድኃኒት በሌላ ቀየሩት፣ እሱም ያው ሆነ። ሐኪሙ መጥቶ ልቧን አዳመጠ፤ ብዙ አዳመጠ። አባቴን ይዞት ወጣ። ሲመለሱ አባቴ በሩ ላይ ቀረ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።

«ውሃ» አለች ራዊያ።

«አይፈቀድም!» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ ሐኪሙ እንዲሰማ። እዚያ ክፍል ውስጥ እንደኔ ሕግ ያከበረ አልነበረም።

ሐኪሙ አየኝ። «ስጫት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«የፈለገችውን ያህል ስጫት።» ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ራሱ ከአፍንጫዋ አወጣው።

እማ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ! ውሃ ተፈቀደላት! ታሂር፣ ሰማህ? ተሽሏታል እኮ!»

አባ አልዞረም። ሐኪሙን አየሁት፤ እሱ ጫማውን አየ። ያኔ ገባኝ።

እማ እጆቿን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ጠርሙሱን ከፍቼ ሰጠኋት፣ የራዊያንም ራስ ከትራሱ ቀና አድርጌ ያዝኩላት።

«ቀስ እያልሽ» አልኳት። እማ «ተሽሏታል» ያለችውን አላረምኩም።